የብርድ ወራት ማፊንና ኩኪስ፤ የሙያውና የሒሳቡ ነገር

(በኅዳር ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የያዝነው ርእስ ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ ስለ ማፊንና ስለ ኩኪስ ነው። ነገር ግን በስብሰባው መጨረሻ ድምፅ የምንሰጥበት የኦቭን ብድር ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሰባት አባላት፣ ገና ሳይደርስ፣ ለየራሳቸው ኦቭን መግዣ ብድር ጠይቀዋል። ስለዚህ በሒሳብ ሥራው ላይ ያለን አባላት መጀመሪያ ሙያውን፣ ቀጥሎ ሒሳቡን፣ ከዚያም ብድሩን በቅደም ተከተል እንድናየው ብለን ይህን ሰዓት ጠይቀናል።

ነገሩ የተነሣው ከአባላት ነው። ባለፈው ክረምት በቤታቸው እየጋገሩ የሸጡ እህቶቻችን ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ሽያጩ ጥሩ ነው። ማፊኑ ተወዷል፣ የሠፈሩ ሻይ ቤት ጨምሩልን ብሏል፣ ልጆች ስሙን ለምደውታል። ይሁንና የብድር መክፈያ ቀን ሲደርስ እጃቸው ላይ ብር የለም። አንዲት እናታችን ሽያጩን እንጂ ብሩን አላየሁትም ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው የብዙዎቻችን ጥያቄ ስለሆነ ዛሬ መልስ ሊያገኝ ይገባል።

ብርድ ስንል በእኛ አገር ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ክረምቱ ነው፤ ዝናቡ ሰውን ቤት ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው አሁን የገባንበት ነው፤ ቀኑ ፀሐይ ሆኖ ሌሊቱ በአዲስ አበባ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ታክሲ የሚጠብቅ ሰው እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚቆመው። በሁለቱም ጊዜ ትኩስ ሻይ ይፈለጋል፤ ከሻዩ ጋር የሚበላ ነገር ይፈለጋል። በሁለቱም ጊዜ ደግሞ ጾም አለ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባና እስከ በዓሉ ዋዜማ ይዘልቃል፤ ረቡዕና ዓርብም ሳይቆጠሩ ማለት ነው። እንቁላልና ቅቤ ያለበትን ኬክ ይዞ በዚህ ወቅት ገበያ መውጣት ብዙ ደንበኛ ከበር መመለስ ነው። የጾም ማፊን ግን ለሁሉም ይሆናል፤ ለሙስሊም እህቶቻችንም፣ ስለ ቅባቱ ምንነት መጠየቅ ሳያስፈልጋቸው፣ ይስማማል።

ወደ ሙያው እንግባ። የማፊን አሠራር ወደ እኛ የመጣው በአብዛኛው ከአሜሪካ ነው፤ በኢንተርኔትም፣ እዚያ ባሉ ዘመዶቻችን በኩልም። ከዚያ የሚመጣው መመሪያ ሁለት ነገር ይደብቃል። አንደኛው የሙቀቱ ነው፤ 350 ሲል ፋራናይት ነው፤ በእኛ ኦቭን ላይ 177 ገደማ ማለት ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ግን የከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውኃ እንኳ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝም እዚህ ከታች አገር ይልቅ በጣም ይለጠጣል። ስለዚህ ማፊኑ ቶሎ ኩፍ ይላል፤ ውስጡ ሳይበስል ራሱን መሸከም ያቅተውና መሀሉ ይሰጥማል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ፓውደሩ አነሰ ብለው ይጨምራሉ፤ መፍትሔው ግን መቀነስ ነው። መመሪያው ሁለት የሻይ ማንኪያ ካለ አንድ ተኩል ይበቃል። ስኳሩን ትንሽ መቀነስ፣ ውኃውን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል መጨመር፣ ሙቀቱን 10 ዲግሪ ገደማ ከፍ ማድረግ ነው። ይህን ሳያውቁ በፓውደሩ ብራንድ ሲያማርሩ የሰማናቸው አሉ።

የእንቁላሉን ቦታ የሚይዝልን ተልባ ነው። እናቶቻችን በጾም ለመጠጥ የሚያውቁት ተልባ በውኃ ሲርስ የሚይዘው ማጣበቂያ ሊጡን ያያይዘዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ሲቆይ የአንድ እንቁላል ሥራ ይሠራል። ከውጭ የሚመጣ የእንቁላል ምትክ ዱቄት ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

ለ12 ማፊን የምንሠራበትን ልክ እንናገር፤ ጸሐፊያችን ለጋዜጣው እየያዘችው ነው። 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 130 ግራም ስኳር፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ከፈለጋችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ዝንጅብል። እነዚህ ደረቆቹ ናቸው፤ አንድ ላይ በወንፊት ይነፋሉ። በሌላ ዕቃ ሦስት በደንብ የበሰለ ሙዝ ይፈጫል፤ ልጣጩ የጠቆረው፣ ሻጩ በቅናሽ የሚሰጠው ሙዝ ከሁሉም ይሻላል። በብርድ ሙዝ ቶሎ ስለማይበስል ከሦስት አራት ቀን በፊት ገዝቶ ማስቀመጥ ነው። በሙዙ ላይ የራሰው ተልባ፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይትና 120 ሚሊ ሊትር ውኃ ይጨመራል። ከዚያ ደረቁ በእርጥቡ ላይ ይገለበጥና ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ ይማሰላል። ብቻ ስንል አጥብቀን ነው። እንደ ዳቦ ሊጥ የታሸ ማፊን እንደ ጎማ ይለጠጣል። በ190 ዲግሪ ከ20 እስከ 22 ደቂቃ ይበቃዋል፤ የጥርስ መፋቂያ ብታስገቡበት ደርቆ ሲወጣ በስሏል። ሙዝ ሲወደድ ዱባ ቀቅሎ መፍጨት ይቻላል፤ ዱባው ውኃ ስላለው የሚጨመረውን ውኃ በግማሽ መቀነስ ነው።

ኩኪሱን በተመለከተ እኛ የምናደላው ለጤፍና ለኦቾሎኒ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ ብቻውን ሲሆን ይፈረፈራል፤ ከፉርኖ ዱቄት ጋር ሲደባለቅ ግን ለኩኪስ የሚፈለገውን ልስላሴ ይሰጣል። 150 ግራም የጤፍ ዱቄት፣ 125 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ትንሽ ጨውና ዝንጅብል፣ 125 ግራም የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 120 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ሊጡ እስኪያያዝ ሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ ውኃ። በ20 በ20 ግራም ተድቦልቡሎ በሹካ ጫን ሲደረግ 35 ገደማ ይወጣዋል። በ180 ዲግሪ ከ12 እስከ 14 ደቂቃ። ከኦቭን ሲወጣ ለስላሳ ስለሆነ አልበሰለም ብላችሁ አትመልሱት፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ኦቾሎኒው ሻጋታ የነካው፣ ቀለሙ የተለወጠ ወይም መራራ ከሆነ ይጣል፤ ተቆልቶም አይድንም። ማሸጊያው ላይ ኦቾሎኒ እንዳለበት መጻፍም ግዴታችን አድርገን እንያዘው፤ የማይስማማው ልጅ ይኖራልና።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብትሉን፣ ለጀማሪ ኩኪስ ነው እንላለን። ምክንያቱ መብራት ነው። የማፊን ሊጥ አንዴ ከራሰ ፓውደሩ ሥራ ይጀምራል፤ መብራት ሄዶ አንድ ሰዓት ከቆየ ሊጡ ጉልበቱን ይጨርሳል። ኦቭን ውስጥ እያለ ከጠፋም በሩን ሳይከፍቱ በቀረው ሙቀት እስኪበስል መጠበቅ እንጂ ሌላ ዘዴ የለም፤ አንዳንዴ ይተርፋል፣ አንዳንዴ አይተርፍም። የኩኪስ ሊጥ ግን ተሸፍኖ እስከ ማግስቱ ይጠብቃል፤ እንዲያውም ሲያድር ይሻለዋል። ከተጋገረ በኋላም ማፊን ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ ኩኪስ በደንብ በሚከደን ዕቃ ውስጥ በብርድ ወራት ሁለት ሳምንት ይቆያል። ዳቦ ቆሎን ለመንገደኛ የምናስይዘው ለምን ሆነና? ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ደረቅ ነገር ባለቤቱን አያስቸኩልም።

እዚህ ላይ ከርእሱ ትንሽ ወጣ ብለን አንድ ነገር እንናገር። መብራት ሲጠፋ በከሰል ለመጨረስ የሚሞክሩ እህቶች አሉ። በብርዱ ምክንያት በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ይገድላል፤ ጭሱ ባይታይም መርዙ አለ፤ የተኙ ልጆች ደግሞ ቶሎ ይወስዳቸዋል። ምድጃው ውጭ ይሁን፤ የማይሆን ከሆነ ሊጡ ይበላሽ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የዕቃ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የምንጠራቸው ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተያዙ ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡበት። 24 ማፊን ጋገርን እንበል። ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሙዝ፣ ተልባ፣ ቅመም ተደምሮ 360 ብር። ለአንዱ 15 ብር ማለት ነው። በ25 ብር ሸጥነው፤ ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ቆመን 10 ብር አተረፍን እንላለን። በ24 ሲባዛ 240 ብር። ደብተሮቹ ላይ ያየነው ይኸው ነው።

ነገር ግን ወረቀቱና ከረጢቱ 72 ብር ወስዷል። መብራት 24። ታክሲ ደርሶ መልስ 60። ኦቭኑና ትሪው ሲያረጁ የሚተካበት መጠባበቂያ 24። ይህ ሁሉ ሲደመር ወጪው 540 ሆነ። ሃያ አራቱም ቢሸጡ ገቢው 600 ነው፤ የቀረው 60 ብር። ለሦስት ሰዓት ሥራ፤ በሰዓት 20 ብር። አራቱ ሳይሸጡ አድረው ለልጆች ከተሰጡ ገቢው 500 ነው፤ 40 ብር ከስረናል። እናታችን ያላዩት ብር ታክሲ ላይ ነው፣ ከረጢት ላይ ነው፣ ያደረው ማፊን ላይ ነው። ማንም አልሰረቀውም፤ ማንም ደግሞ አልጻፈውም።

ከሁሉም የሚቀረው የእጃችን ዋጋ ነው። የሰው ቤት ብንጋግር ደመወዝ እንጠይቃለን፤ በራሳችን ማእድ ቤት ሲሆን ግን ሰዓቱ እንደ ነፃ ይቆጠራል። ሰዓታችንን በ60 ብር ብንይዘው ሦስቱ ሰዓት 180 ብር ነው፤ ጠቅላላው 720፤ አንዱ ማፊን ሁሉም ተሸጦ እንኳ 30 ብር፣ አራት ካደሩ 36 ብር ይወጣበታል ማለት ነው። ይህን ዋጋ ደንበኛ ይከፍላል ወይ ነው ጥያቄው። የማይከፍል ከሆነ ቢያንስ አውቀነው እንግባ። አንዳንዶቻችን ልጆች ስላሉን፣ ሌላ ሥራ ስለማይመቸን፣ በሰዓት 20 ብርም ቢሆን እንመርጣለን ልንል እንችላለን፤ ያ መብታችን ነው። ሳይታወቅ ሲሆን ግን ብድር እንወስድበታለን።

የመብራቱን ወጪ እንዴት እናውቃለን ላላችሁ፣ የካርድ ቆጣሪ ያለው ሰው ሌላውን ዕቃ አጥፍቶ ከመጋገሩ በፊትና በኋላ ቀሪውን ማንበብ ነው። 2,000 ዋት የሚል ኦቭን ሳያቋርጥ ቢሠራ በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ ከሞቀ በኋላ ግን እየጠፋ እየበራ ስለሚሠራ በእውነት የሚወስደው ከዚያ ያነሰ ነው። አንዴ አሙቆ ሦስት ትሪ በተከታታይ ማውጣትና ለአንድ ትሪ ብሎ ማሞቅ በዋጋ አይገናኙም።

ዱቤውንም እንጨምር። ማፊኑን ጠዋት ተቀብሎ ሲሸጥ የሚከፍል ሻይ ቤት አለ፤ ደመወዝ ሲወጣ እንከፍላለን የሚሉ የቢሮ ሠራተኞች አሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን የእነሱ ወር እስኪያልቅ ዱቄቱን የምንገዛው ከቁጠባችን ነው። ዱቤ የሰጠ ሰው በደብተሩ ላይ «ሽያጭ» በሚለው ሥር ሳይሆን «ያልተሰበሰበ» በሚለው ሥር ይጻፍ፤ ገንዘቡ ሲገባ ይዛወራል። አንዱ ደንበኛ ያልከፈለው ከአንድ ሳምንት ዱቄት ዋጋ ሲያልፍ ደግሞ ኩኪስ አለቀ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ብድሩ። አንድ ኦቭን 12,000 ብር ነው እንበል፤ በ12 ወር የሚከፈል፣ በወር 1,000። ሁሉም ወጪ ከተቀነሰ በኋላ በአንዱ ማፊን 5 ብር የምታተርፍ እህት ለኦቭኑ ብቻ በወር 200 ማፊን መሸጥ አለባት። በታኅሣሥ ይቻል ይሆናል። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ትኩስ ሻይና ኩኪስ የሚፈልገው ሰው ይቀንሳል፤ ክፍያው ግን ወቅት አያውቅም። ሰባት እህቶች ሰባት ኦቭን ከገዙ ደግሞ ሁሉም የሚሸጡት ለዚያው ሠፈር፣ ለእነዚያው ሻይ ቤቶች ነው።

ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉ ሐሳብ ይህ ነው። በዚህ ወቅት ለግል ኦቭን ብድር አይሰጥ። በምትኩ ማኅበሩ ሁለት ኦቭን ገዝቶ በመሰብሰቢያ ክፍላችን ጀርባ ባለው ክፍል ያስቀምጥ፤ ንብረቱ የማኅበሩ ይሁን፤ አባላት በሰዓት ይመዝገቡና የቆጠረውን መብራትና ትንሽ የጥገና መዋጮ ይክፈሉ። ለዱቄትና ለስኳር ግን እስከ ገና የሚመለስ አነስተኛ ብድር ይፈቀድ። ሻይ ቤቶቹንና ቢሮዎቹን ተከፋፍለን፣ ታክሲውንም አንዷ ለሦስት እየወሰደች፣ 60ውን ብር ለሦስት እናካፍለው።

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ አባላት አሉ፤ ያሉትንም እዚህ ማቅረብ ተገቢ ነው። የሚያጠባ ልጅ ያላት እናት ከቤቷ ወጥታ መጋገር አትችልም። የራስ ዕቃ የራስ ነው፤ የጋራ ዕቃ ቶሎ ይበላሻል፤ ከጋራው ትሪ ላይ የተቃጠለውን ማን ይፈግፍግ? እነዚህ እውነት ናቸው። ለመጀመሪያው ከሁለቱ ኦቭን አንዱ አነስተኛና የሚነሣ እንዲሆን፣ ለሚያጠቡ እናቶችም በሳምንት ተራ ወደ ቤት እንዲሄድ አስበናል። ለሁለተኛው የመረካከቢያ ደብተር አለ፤ ያልጠረገች አትፈርምም። የራስ ዕቃ የሚለውን ግን በቁጥር ልንመልሰው አንችልም። ስድስት ወር በጋራው ኦቭን ሠርታ ደብተሯ ትርፍ ያሳየ እህት ለግሏ ብትበደር የሒሳብ ክፍሉ ደግፎ ይፈርምላታል።

ደጋፊዎቻችን፤ ለእናንተም አንድ ቃል አለን፤ በአክብሮት ነው። ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ኦቭን መስጠት ለሰጪው ደስ ይላል፤ ፎቶውም ያምራል። እኛን በዚህ ወቅት በይበልጥ የሚረዳን ግን ሦስት ግራም የሚለይ የማእድ ቤት ሚዛንና ኦቭን ውስጥ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ነው። የአንዱ ቤት ኩባያ ከሌላው ስለማይገናኝ አንዲቷ 250 ግራም የምትለውን ሌላዋ 310 አድርጋ ትሰፍራለች፤ ማፊኑም ይደርቃል፣ ሒሳቡም ይበላሻል። የኦቭን ማዞሪያ ደግሞ 180 እያለ ውስጡ 150 ወይም 210 ሊሆን ይችላል። ከውጭ አገር ለምትመጡ፣ ባለ 12 ጉድጓድ የማፊን ትሪ በሻንጣ ውስጥ ልብስ ተሞልቶበት ይመጣል፤ ቦታ አይወስድም።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የቀሩ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። በብርድ ማር ሲረጋ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት፤ ማሰሮውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆም ነው። ለገና ፍስክ የምትጋግሩ የገበታ ቅቤውን ከአንድ ሰዓት በፊት ከማቀዝቀዣ አውጡት፤ ደርቆ ከስኳር ጋር አይዋሐድም። ማፊን ትኩስ እያለ በላስቲክ አይታሸግ፤ ያላበዋል፤ በማግስቱ ይሻግታል። ፀጉር መሸፈኛና አጭር ጥፍር ለሁላችንም ነው።

የቅዳሜ ስልጠናው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይጀምራል። የምትመጡ እህቶች ሁለት ነገር ያዙ፤ ቤታችሁ ዱቄት የምትሰፍሩበትን ኩባያና የክረምቱን ደብተር። ኩባያውን በሚዛን ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ደብተሩን ደግሞ ታክሲውንና ከረጢቱን ጨምረን አብረን እንደገና እንደምረዋለን። የኦቭኑ የምዝገባ ወረቀት በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አሁን ጥያቄ እንቀበላለን፤ ከዚያ ወደ ድምፅ መስጠቱ እንሄዳለን።